ወንዛዬ የወረደችው ጉበት

ሰው ቁርጥማት ሲይዘው ፍል ውኃ ይወርዳል፤ ዘመድ ሲታመምበትም አዝሎ ይወርዳል። እኔ ግን ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ጉበት በብብቴ ሸጉጬ ከደብረ ታቦር ወንዛዬ ፍል ውኃ ድረስ የወረድሁ ሰው ነኝ። በዚህ የቀደመኝ ያለ አይመስለኝም፤ ካለም አፍሮ ዝም ብሏል። እኔ ሐፍረቱን ከጨረስሁት ስለቆየሁ ላውጋችሁ።

ሥራዬ ላቦራቶሪ ነው። ደብረ ታቦር ላይ አንድ የማስተማሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ብርጭቆ አጥባለሁ፣ ማይክሮስኮፕ እጠርጋለሁ፣ ጋውኑን ረስቶ የመጣ ተማሪ እቆጣለሁ። ባልደረባዬ ዶክተር ፍቃዱ የአሰላ ልጅ ነው። ሌላው ሰው ውጭ አገር ተምሮ ሲመለስ ቴሌቪዥንና ጫማ ይዞ ይመጣል፤ እሱ ጉበት ይዞ መጣ።

ጉበቷ እንዲህ ናት። መስታወት የመሰለች ስስ፣ ጠፍጣፋ ነገር ናት፤ እነ ፍቃዱ ቺፕ ይሏታል። በውስጧ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቦዮች አሉ፤ በቦዮቹ ዳር ከሰው ጉበት የተወሰዱ ሕዋሶች ተዘርተው ይኖራሉ። አዲስ መድኃኒት ሲሠራ ሰው ከመዋጡ በፊት እነሱ ይቀምሱታል። ከታመሙ መድኃኒቱ ለጉበት አይበጅም ማለት ነው። ድሮ በመኳንንት ግብር ላይ ጠጁን በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀድሞ የሚቀምስ አሳላፊ ነበር አይደል? እሷም እንደዚያው ናት፤ ልዩነቱ ጠጅ አለመቅመሷ ነው።

እንደ እውነቱ ከሆነ አማርኛችን ጉበትን በድሏታል። ፍቅር ሲሉ አንጀት፣ ምስጢር ሲሉ ሆድ፣ ድፍረት ሲሉ ልብ ይላሉ። ጎረቤቷ ሐሞት እንኳ ወኔ ሆና ስትከበር፣ ጉበት ከዱለት ያለፈ ማዕረግ አላገኘችም። ፍቃዱ ይህችን ጉበት ሲያስረዳኝ ግን የኔ ሐሳብ ዱለት ላይ አልነበረም። ኮሶ ላይ ነበር።

ያደግሁት ጉና ሥር ነው። አባዬ ሥራ ከያዘ የማይለቅ ሰው ነበር። ከገብሱ ሲወጣ ድንቹ ጋ፣ ከድንቹ ሲወጣ የሰው ደቦ ላይ፣ ከደቦው ሲመለስ ሽምግልና ነው። እኛ ልጆቹ ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን እናውቀው ነበር። ፊቱን የምናየው ኮሶ በሚጠጣ ቀን ብቻ ነው።

የዛሬ ልጅ ከሆድ ትሉ በአንዲት ክኒን ይገላገላልና ላያውቀው ይችላል። ድሮ ኮሶ የጠጣ ሰው አይነካም ነበር። ደቦ ቢኖርበት፣ ዳኛ ቢፈልገው፣ አበዳሪ ቢመጣበት፣ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ጠሪው «ያሽረው» ብሎ ከደጅ ይመለሳል። ወዴት ሄደ፣ ምን ሆነ ብሎ የሚመረምር የለም። እንዲህ ያለ የተከበረ የዕረፍት ፈቃድ መሥሪያ ቤታችን እስካሁን አልሰጠኝም።

እማዬ የደረቀውን የኮሶ አበባ ወቅጣ፣ በመዳፏ ጉድጓድ ለክታ፣ በውኃ በጥብጣ በጠዋት በዋንጫ ታቀርብለታለች። አባዬ ዋንጫውን ይቀበልና ዙሪያውን ያየናል። አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። ግራ እግሩን መሬት ይመታል። ጭልጥ ያደርግና ፊቱን እንደ አሮጌ ስልቻ አጨማዶ «አንተ ኮሶ፣ ሥርህ ይነቀል!» ብሎ ይራገማል። እኛ ሆዳችንን ይዘን መሬት ላይ እንንከባለላለን። ከዚያ ቀኑን ሙሉ የኛ ነው። መደቡ ላይ ጋደም ብሎ ገበጣ ያጫውተናል፤ እያጭበረበረ ያሸንፈናል፤ ጅብ አይታ ስለሳቀችው በቅሎው ያወራልናል። ባወራልን ቁጥር በቅሎዋ የምትስቀው በሌላ በሌላ ምክንያት ነበር። ከሰዓት በኋላ ዶሮ ይታረዳል። እኔ ከፋሲካና ከኮሶ ቀን ምረጥ ብትሉኝ ፋሲካን እተወው ነበር።

እየዋለ እያደረ የኮሶ ቀናችን በዛ። ድሮ በዓመት ሁለቴ ወይ ሦስቴ የነበረው በመጨረሻዎቹ ዓመታት በየሳምንቱ ሆነ። እኔ ደስታዬን አልቻልሁትም። ከዚያ የአባዬ ዓይን ቢጫ ሆነ። «የወፍ በሽታ ነው» አሉ። ጥቂት ወራት ቆይቶ አረፈ።

ዓመታት አልፈው ኮሌጅ ስገባ አንድ መምህራችን እንደ ቀላል ነገር «ኮሶ ሲበዛ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል» ብሎ ወደ ሌላው ርዕስ አለፈ። እኔ ግን አላለፍሁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእማዬን መዳፍ ባየሁ ቁጥር ጉድጓዱ የሚይዘውን እገምታለሁ። አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። ምን ብዬ? «አባቴን የገደልሽው አንቺ ነሽ ወይ?» ይባላል? በየበዓሉ ጉልበቷን ስሜ፣ የሰጠችኝን በልቼ፣ በሆዴ ግን ችሎት አቁሜያት ኖርሁ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

እንግዲህ ፍቃዱ «አንዲት ቺፕ ከሥራ ተርፋለች፤ ያንን የምትለውን ኮሶ ሞክርባት። ሌላ ግን በቅርቡ አትመጣም» ሲለኝ ልቤ እንዴት እንደ ዘለለ ይገባችኋል። ከሃያ ዓመት በላይ የቆየው ጥያቄዬ መልስ ሊያገኝ ነው። ፍቃዱ ለሦስት ቀን ስብሰባ አዲስ አበባ ሲሄድ ሁለት ነገር አደራ አለኝ። አንደኛ፣ ሙቀቷ ከሰው ገላ ሙቀት፣ ከሠላሳ ሰባት ዲግሪ ዝቅም ከፍም እንዳይል። ሁለተኛ፣ ምግቧ በቦዮቹ እንዲፈስላት ቀስ እያለች ግራና ቀኝ መዘንበል አለባት፤ ለዚህ የሚያወዛውዛት ትንሽ ማሽን አለ።

ለእማዬ ደወልሁ። «ኮሶ ይዘሽልኝ ነይ፤ ለታመመ ወዳጅ ነው።»

«ምን ያህል ይበቃዋል?»

«ለአባዬ ትሰጪው የነበረውን ያህል።»

«ለአባትህ?» ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። ኔትወርኩ የተቆራረጠ መስሎኝ «አዎ፣ ለአባዬ» አልሁ። «እሺ» አለችና ዘጋችው።

በማግስቱ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዛ፣ ጉልበቷን እያሻሸች ደረሰች። የሚቀጥለው ቀን ጠዋት መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩን እንዳትጠይቁኝ፤ ከኔ በፊት ጡረታ የወጣ ነው። ላቦራቶሪ ስደርስ ጉበቷ የምትቀመጥበት ማሞቂያ ሳጥን መቀዝቀዝ ጀምሯል፣ ማሽኗ ቆማለች። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ቺፗን በንጹሕ ላስቲክ ጠቅልዬ ብብቴ ውስጥ ከተትኋት። ሕዋሶቹ የሚፈልጉት አየርስ እንዴት ሆነ የምትሉኝ የሙያው ሰዎች ካላችሁ፣ እባካችሁ አትጠይቁኝ።

ሙቀቱ በብብት ተፈታ። መወዛወዙ ግን የኔ ዕዳ ሆነ። ክንዴን ከጎኔ አጣብቄ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያዘነበልሁ ወደ ቤቴ ስሄድ የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ሙሉጌታ መንገድ ላይ ያዙኝ። እጃቸውን ዘረጉ። ቀኝ እጄን ባነሣ ጉበቷ ትወድቃለች፤ ግራዬን ሰጠኋቸው። ለሽማግሌ ግራ እጅ!

«ምነው አንተ፣ ቀኝህን ምን ነካው?» አሉኝ።

«ጉበት ነው፣ ጋሽ ሙሉጌታ።»

«ጉበት? ብብትህ ሥር?»

«አዎ፤ እንዳትቀዘቅዝብኝ ብዬ ነው።»

አማተቡና ሄዱ። እኔ የገባቸው መስሎኝ ነበር። ረፋድ ላይ ጎረቤት ሁሉ አጥሚቱን፣ ሎሚውን፣ ብርቱካኑን ይዞ ቤቴን ሞላው። ጉበቴ ከቦታዋ ተነሥታ ብብቴ ሥር ገብታለች ተብሏል። እውነቱን ልናገር ስል ጉበቷን ሳወዛውዝ ያዩኛል። «አይ፣ ሕመሙ አላስቀምጠው አለ» ይሉና ከንፈራቸውን ይመጣሉ። አንዷ ሴት አጎቷ እንደዚሁ ሲወዛወዝ ቆይቶ እንደሞተ ነግራ አጽናናችኝ።

ጠያቂው ሲወጣ እማዬ በሩን ዘጋችው። «አሁን እውነቱን ንገረኝ። ብብትህ ውስጥ ምንድን ነው?»

አሳየኋት፤ ስለ ሕዋሶቹ፣ ስለ መድኃኒት ቅምሻውም ነገርኋት። የኮሶውን ነገር ዘለልሁት። ቺፗን በመዳፏ ይዛ አገላብጣ አየቻት። «የሰው ነች?» አለችኝ። «የሰው ነበረች» አልኋት። ወዲያው ነጠላዋን ገልጣ ከደረቷ ሸጎጠቻትና «እናንተ ወንዶች ምን ሙቀት አላችሁ» ብላ እሹሩሩ ማለት ጀመረች። የኔ ጌታ፣ ምን የመሰለ ውዝዋዜ! የፍቃዱ ማሽን አንድም ቀን እንደዚያ አላወዛወዘቻትም።

ግን የደብረ ታቦር ብርድ ብርድ ነው። ቴርሞሜትሩን ከቺፗ ጎን ስከተው ሠላሳ አምስት ይላል። መብራት ኃይል ብደውል ስልኩ አይነሣም። «በቃ፣ ልትሞትብኝ ነው» አልሁ።

እማዬ ውዝዋዜዋን ሳታቋርጥ «ወንዛዬ መብራት ጠፍቶባት ያውቃል?» አለችኝ።

ስንት ዓመት ተምሬ ይህ አልመጣልኝም። እግዜር የለኮሰው፣ ናፍጣ የማይጠይቅ ምድጃ ዝቅ ብሎ አለልን። ቺፗን ምሳ ዕቃ ውስጥ አስገባኋት፤ በሙቅ ውኃ የሞላሁትን የውኃ ፕላስቲክ ከጎኗ አስተኛሁ፤ በፎጣ ጠቅልዬ ሚኒባስ ያዝን።

ሚኒባሱ እንደወትሮው ሰው በሰው ላይ ነው። ረዳቱ ምሳ ዕቃውን ያዘና «ይኼ ወደ ላይ ይጫን» አለ።

«ተው! ሰው ነው!» ብዬ ጮህሁ።

«ምን?»

«ማለቴ... የሰው ጉበት ነው።»

ከጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ከኋላ አንድ ሰው «ወራጅ!» አለ፤ ገና አልተነሣንም። እማዬ ዞር ብላ በዝግታ «ልጄን ተዉልኝ፣ አሞታል። ወንዛዬ ላስጠምቀው ነው» አለች። ወዲያው ሁሉም አዘነልኝ። ቦታ ለቀቁልኝ፤ ምሳ ዕቃው ጭኔ ላይ ተቀመጠ። መንገዱ ደግሞ ለጉበቷ የሚያስፈልጋትን ውዝዋዜ ከነትርፉ ሰጣት። ሐሙሲት ስንደርስ ገበያ ነበር፤ በበጉና በጤፉ መካከል ምሳ ዕቃዬን እንደ ታቦት ከፍ አድርጌ አልፌ ባጃጅ ያዝን።

ወንዛዬ ምንጩ ላይ ይፋጃል፤ በቦዩ እየወረደ ሲሄድ ይለዝባል። ቴርሞሜትሬን ይዤ በገላ ታጣቢው መሐል ጎንበስ ቀና እያልሁ ወደ ታች ወረድሁ። አርባ አንድ፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ በመጨረሻ ከአንድ ድንጋይ ሥር ሠላሳ ሰባት አገኘሁ። ቺፗን አውጥቼ በሁለት ላስቲክ አጥብቄ አሰርሁና በገመድ ውኃው ውስጥ አንሳፈፍኋት። ውኃው ራሱ ግራና ቀኝ ያደርጋት ጀመር። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ትንፋሽ ተነፈስሁ።

ታጣቢዎቹን የሚያስተናግዱ፣ መቋሚያ የያዙ አዛውንት አሉ፤ አባ ተሰማ ይባላሉ። መጥተው ገመዱን አዩ።

«ልጄ፣ ታማሚው የታለ?»

«ይቻት፣ አባባ። ጉበት ናት።»

«ጉበት ብቻዋን? ባለቤቷስ?»

«ሞቷል መሰለኝ።»

«እሱ ሞቶ ጉበቱ ልትድን መጣች?» መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ጎንበስ ብለው ቺፗን መረመሯት። እኔ ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ገመዱን ጨበጥሁ። «መቼም እዚህ ተሸክመውት ያልመጡት ነገር የለም» አሉ በመጨረሻ። «ግን ያለ ስም አይጸለይም። የክርስትና ስሟ ማን ነው?»

እማዬ እግሯን ውኃው ውስጥ ነክራ፣ ጉልበቷን እያሸች፣ ቀና ሳትል «ወልደ ኪዳን በሏት» አለች።

ወልደ ኪዳን የአባዬ የክርስትና ስም ነው።

አባ ተሰማ «ወልደ ኪዳንን ማር» እያሉ ጸሎታቸውን ሲጀምሩ እማዬ ወደኔ ዞረች። «አባትህን እዚሁ አምጥቼው ነበር፤ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ጊዜ። ሰባት ቀን ተቀመጥን።» በጣቷ ወደ ገመዱ አመለከተች። «ኮሶውን ያስመጣኸኝ ለዚች ነው አይደል? የታመመ ወዳጅ የለህም።»

«የለኝም።»

«የኔ ኮሶ ይሆን የጎዳው ብለህ ነው።»

ልዋሻት ፈለግሁ፤ ውሸቱ አልመጣም። «አዎ፣ እማዬ» አልሁ። ከሃያ ዓመት በላይ የፈራሁት ነገር ገላቸውን በሚያጥቡ ሰዎች መሐል ወጣ።

እማዬ አልተቆጣችም። ከመቀነቷ የጨርቁን ቋጠሮ ፈታችና ሰጠችኝ። «በል ስጣት። ለአባትህ እሰጠው የነበረውን አይደል ያልኸኝ? ያንኑ ነው ያመጣሁልህ።»

ፈታሁት። አሸተትሁት። ከምላሴ ጫፍ አደረግሁት። ያልጠበቅሁት ነገር ነው፤ ምሬት የለውም። «እማዬ፣ ይኼ እኮ ተልባ ነው።»

«ተልባ ነው።»

«ኮሶውስ?»

«ኮሶ ቀድሞ ነበር፤ በዓመት ሁለቴ፣ እንደ ሰው ሁሉ። ኋላ ጎኑን መያዝ ጀመረ። ጎኑን ይዞ ያርሳል፣ ጎኑን ይዞ ደቦ ይውላል። ዕረፍ ብለው ይሰማል? ታመምሁ ማለት ሞቱ ነው። ኮሶ ጠጥቷል ከተባለ ግን ማንም አይጠራው። እና ተልባውን ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ በዚያው ዋንጫ በጥብጬ እሰጠዋለሁ። አንድ ቀን ይተኛል። ከናንተ ጋር ይውላል።»

«አታልለሽው?»

«ምን ነካህ! ተልባና ኮሶ የማይለይ ገበሬ የት አየህ? በመጀመሪያው ቀን ቀመሰና አየኝ፤ አየሁት። ምንም አልተባባልንም።»

«ታዲያ ያ ዓይኑን መጨፈኑ፣ እግሩን መምታቱ፣ እርግማኑ?»

«እናንተ እንድትስቁለት ነዋ!»

እዚያው ከውኃው ዳር ተቀምጬ አለቀስሁ፤ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ግን እንደ ሕፃን አለቀስሁ። አባ ተሰማ ጸሎታቸውን አቋርጠው ሮጠው መጡ። «ምነው፣ አረፈች?» አሉ ወደ ገመዱ እያዩ።

«ኧረ ደኅና ናት፣ አባባ» አለች እማዬ። «የሚያለቅሰው ስለዳነ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ፍቃዱ ደወለ። «መብራት መጣ አሉኝ። ጉበቷ እንዴት ናት?»

«ፍል ውኃ ገብታለች» አልሁት። «የት?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ።

ሲመለስ በማይክሮስኮፕ አያት። ከዳር ያሉት ጥቂቶቹ ቢሞቱም የቀሩት በሕይወት ነበሩ፤ እንዴት እንደሆነ እስካሁን ሊገባው አልቻለም። «በል፣ ኮሶውን አምጣና እንሞክር» አለኝ። እጄ ላይ ያለው ተልባ ብቻ መሆኑን ነገርሁት። እሱም የሳይንስ ሰው ነውና አጥልሎ ጠብ አደረገላት፤ ምንም አልሆነችም። «ይኼ ምንም አያረጋግጥም፤ በአንዲት ቺፕ አይፈረድም» አለኝ። እውነቱን ነው። አባዬን ምን እንደገደለው ዛሬም አላውቅም። ችሎቱን ግን በትኜዋለሁ፤ ተከሳሿንም ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ባለፈው ሰኞ ጉና ሥር እማዬ ቤት ነበርሁ። በጠዋት ስልክ መታሁ። «ፍቃዱ፣ ዛሬ አልመጣም። ኮሶ ጠጥቻለሁ።»

«አብደሃል? ጉበትህስ?»

«ያሽርህ ነው የሚባለው» ብዬ ዘጋሁበት።

እማዬ ያንን አሮጌ ዋንጫ አቀረበችልኝ። ተልባው ለብ ያለ ነው፤ ማር ጠብ አድርጋበታለች። አንድ ዓይኔን ጨፈንሁ። ግራ እግሬን መሬት መታሁ። ጭልጥ አድርጌ፣ ፊቴን የቻልሁትን ያህል አጨማድጄ «አንተ ኮሶ፣ ሥርህ ይነቀል!» ብዬ ተራገምሁ። እማዬ ምሰሶውን ይዛ እስኪያሳልሳት ሳቀች፤ ሳቀችና ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ «አልቻልህበትም» አለችኝ። «እሱ መጀመሪያ እኔን ያየኝ ነበር።»